የባሕር ላይ ዋስ

ጋሽ ኃይለማርያም የሚሠሩበት ካዚኖ በር አለው እንጂ ቁልፍ የለውም። ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅማ፤ ቁልፍ ምን ያደርግለታል! ገና የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ሐዘን የለ፤ ማሽኖቹ ሲያንቃጭሉ ውለው ሲያንቃጭሉ ያድራሉ። ጋሽ ኃይለማርያም ደግሞ እዚያ ፖርተር ናቸው። የሲጋራ መተርኮሻ ይደፋሉ፣ የፈሰሰ መጠጥ ያብሳሉ፣ ያንን አበባ የበዛበት ምንጣፍ በማሽን ይጠርጋሉ። እሳቸው ጠርገው ዞር ከማለታቸው ሌላው መጥቶ ያቆሽሸዋል። ድሮ ይህ ምንም አይመስላቸውም ነበር። አሁን አሁን ግን አንዳንድ ጠዋት የመጥረጊያውን እጀታ ይዘው ይቆሙና፣ "ይኼን ቤት አንድ ቀን እንኳ ጭር ብሎ ባየሁት" ይላሉ በሆዳቸው። አንድ ቀን ብቻ። መብራቱ ጠፍቶ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ።

ድካማቸው እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት አልነበረም። በሱዳን በኩል በስደተኛነት አሜሪካ የገቡት ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳህን አጥበዋል፣ ታክሲ ነድተዋል፣ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ አንዲት ልጃቸውን ረድኤትን አስተምረውና ድረው ሲያትል ልከዋል። ጉልበታቸው ከሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ግን ዋስትናው ያደከማቸውን ያህል አላደከማቸውም።

የዋስትናውን ነገር ከሥሩ መናገር ይሻላል። ፋኑኤል የሚባል ሰው አለ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር። ሳቂታ፣ ደግ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ወንበር የሚሸከም ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ቁማር። የሰጡትን ቲፕ ኪሱ ሳያሞቀው ማሽን ያጎርሰዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እየሳቀ ሄዶ ሄዶ ትዳሩን ይዞ ሊሰጥም ደረሰ። ሚስቱ ሚሚ ቻለች፣ ቻለች፣ በመጨረሻም ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር እህቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተሰበሰበ። እሷ የፕሮቴስታንት፣ እሱ የኦርቶዶክስ ሰው ስለሆኑ፣ ቄስ ይጠራ ፓስተር ይጠራ በሚል ክርክር ግማሹ ቀን አለቀ። ሁለቱም ሳይጠሩ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አቶ መዝገቡ ቤት ነገሩ ተጀመረ።

አቶ መዝገቡ በዚያ ከተማ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ከገዛ ሚስታቸው በቀር የማይሰማቸውም የለም። "ከእንግዲህ አልጫወትም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ዋስ ጥራ" አሉት ፋኑኤልን። ፋኑኤል ዙሪያውን ተመለከተ። ወንዱ ሁሉ የገዛ ጫማውን መመርመር ያዘ። ጋሽ ኃይለማርያም ሽማግሌ ሆነው አልነበረም የመጡት፤ የአቶ መዝገቡን መሰላል ሊመልሱ ጎራ ቢሉ "ቁጭ በል እንጂ" ተብለው ነው። ያ ዝምታ አስጨነቃቸው። ፋኑኤልን ያውቁታል። አንድ ማለዳ እሳቸው በሚጠርጉት ምንጣፍ ላይ፣ ማሽን ፊት ተቀምጦ፣ "ይቅርታ" ሲሉት ማን እንደሆኑ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ እግሩን አንስቶላቸው ነበር። ከሥሩ ጠርገው አለፉ። ያ በአየር ላይ የተንጠለጠለ እግር ግን ከዓይናቸው አልጠፋ አለ። "እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አሉ።

አቶ መዝገቡም እንዲህ ሲሉ ደነገጉ። ፋኑኤል ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ዋሱ ቤት ይደርሳል፤ ዋሱ ዓይኑን ያየዋል፤ ሻይ ጠጥቶ ወደ ሚስቱ ይሄዳል። የቁማርተኛን ዓይን ከካዚኖ ፖርተር በላይ የሚያውቅ የለም ተባለ፤ እውነትም ነው። ሁሉም እሰየው አለ፣ ሚሚ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ተበላ ተጠጣ። ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። በዕርቅ ማዕድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያነሳል? ነውር ነው።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ነጎዱ። ጋሽ ኃይለማርያም ከጠዋት ሺፍት ወጥተው ዊንቸስተር ሰፈር ያለችው አፓርታማቸው ይገባሉ፤ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሻይ ይጥዳሉ፤ ሁለት ብርጭቆ ያወጣሉ። ፋኑኤል መኪናውን ከመስኮቱ ሥር ፓርክ ያደርጋል፤ ይወጣል። ዓይኑን ያዩታል። ደህና ነው። ስለ መንገደኞቹ ያወራል፣ እሳቸው እንቅልፋቸውን እየታገሉ ይሰማሉ፤ ሻዩ ያልቃል፤ ይሄዳል። ኦቨርታይም ሲመጣላቸው "አልችልም" ይላሉ። የጡረታ ወረቀት ሞልተው ከተማውን ለቀው መሄድ ሲያምራቸው፣ "ዋስ ሆኜ የት እሄዳለሁ" ይላሉ።

ክፉው ነገር፣ ለረድኤት ምክንያቱን መንገር አልቻሉም። የሰው ገመና ነው፤ ዋስ ገመና አያወጣም። ረድኤት ሲያትል ሆና ወለደች፤ አልሄዱም። ልጅቷ ፊያሜታ ተብላ ክርስትና ተነሳች፤ አልሄዱም። "አባዬ፣ እዚያ ማን ይዞህ ነው? ካዚኖ ሳትጠርግ መኖር አትችልም?" ትላቸዋለች ረድኤት፤ ሥራው አለ፣ ጉልበቴን ሐኪም ያየዋል፣ ቀጠሮ አለኝ ይሏታል። ውሸታቸውን ታውቃለች። ያልወደዷት ይመስላታል፤ ይህንንም እሳቸው ያውቃሉ። ፊያሜታ አድጋ በስልኩ መስታወት ብቅ ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ጓደኛዋን ጠርታ ስታሳያት ሰሙ። "ይሄ አያቴ ነው። እሱ ቤቱ ስልክ ውስጥ ነው።" ያን ዕለት ሻዩን ሲቀዱ ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ አላወቁም ነበር። ፋኑኤል ሳያውቅ ስለ አንድ ጃፓናዊ መንገደኛ አወራላቸው።

አንድ ቅዳሜ ሚሚ እንደ ልማዷ በሳህን ምግብ ይዛ ከባሏ ጋር መጣች። ሚሚ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ወገቧን ይዛ የምትቀመጥ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ፊቷ በርቷል።

"ጋሼ፣ ክሩዝ ልንሄድ ነው! ቡክ አድርጌያለሁ። ከሎንግ ቢች ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ ነው። ካገባን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ለብቻችን ወጥተን አናውቅም።"

"መርከብ! መርከብ ላይ ደግሞ ምን ይሠራል?"

"ምንም! ምንም አይሠራም። ይበላል፣ ይዋኛል፣ ባሕር ይታያል።"

ጋሽ ኃይለማርያም ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ካዚኖስ የለውም?"

ሚሚ ሳቀች፤ ሳቋ ትንሽ ፈጠነ። "አለው፤ ግን ዝግ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሄዳበት ቪዲዮ አሳይታኛለች። ጠረጴዛው ሁሉ ጨርቅ ለብሶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሰው የለበትም።"

"ዝግ ካዚኖ?" አሉ። በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ፋኑኤልን ተመለከቱት። ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ሰኞ በሠራተኞቹ ማረፊያ፣ በብሬክ ሩም፣ ተፈሪን ፈልገው አገኙት። ተፈሪ ካርታ የሚያድል ዲለር ነው፤ ላስ ቬጋስ ከመምጣቱ በፊት መርከብ ላይ ሠርቷል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነበር።

"ተፈሪ፣ የመርከብ ካዚኖ ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?"

"እንዴ ኃይሌ! መርከብ ልትጠርግ አሰብክ?"

"መልስልኝ።"

"ወደብ ላይ እያለ ዝግ ነው። ሕጉ ነው፤ የመሬቱ ሕግ እዚያ ድረስ ይደርስበታል። መርከቡ ተነስቶ ከአገሩ ውሃ ፈቅ ሲል ነው የሚከፈተው። ያኔ ከላይ ይደወልልናል፤ ጨርቁን እንገፋለን፣ ማሽኑ ይበራል። ሰዉ ደግሞ አስቀድሞ በሩ ላይ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው፤ የጠበል ወረፋ ነው የሚመስልህ! ስንመለስ፣ መሬት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል።"

ጋሽ ኃይለማርያም የያዙትን ኩባያ እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ የመጣባቸው ቅናት ነበር።

"ይዘጋል?"

"ይዘጋል አልኩህ።"

"ጭር ይላል?"

"ጭር! የመርከቡ ሞተር ብቻ ነው የሚሰማው። እኛም ሄደን እንተኛለን። ከዚያ ሥራ የሚናፍቀኝ እሱ ብቻ ነው።"

ጭር ያለ ካዚኖ በዓለም ላይ አለ ማለት ነው። ይህንን እያሰቡ መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ምንጣፉ ተመለሱ፤ ከዚያ ነው ሌላው ሐሳብ የወረደባቸው። የሚሚ ባልደረባ ቪዲዮውን ያነሳችው መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ነው! ሚሚ ባሏን ከቁማር ከተማ አርቃ፣ ጨርቁ ወደሚነሳበት በር አጠገብ ልትወስደው ነው። መውጫ እንኳ የለው፤ ዙሪያው ባሕር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ መዝገቡን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ያዟቸው። አቶ መዝገቡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነገሩን ሰሙ።

"ዋስትናህ እስከ የት ድረስ ነው ተባለ?"

"እርስዎ አይደሉ ያሉት! አልተባለም።"

"ባሕር አላሰብንም። በዚህ በረሃ ማን ባሕር ያስባል?" አሉና ጺማቸውን ዳሰሱ። "ያው ዋስ ዋስ ነው። ተከተላቸው።"

"ባልና ሚስት ለብቻቸው ሊሆኑ በሄዱበት፣ እኔ መሐላቸው ልተኛ?"

"እሱም አለ" አሉ አቶ መዝገቡ። "እንግዲያውስ ውረድ። ሰው ዕድሜ ልኩን ዋስ አይሆንም።"

"ያውርዱኝ ታዲያ።"

"እኔ አይደለሁም የማወርድህ፤ የነገሩ ባለቤት ሚሚ ናት። የተበደለችው እሷ ናት። እስከዛሬ ለምን አልጠየቅካትም?"

ጋሽ ኃይለማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምን ብለው ይጠይቋት? ባልሽ ሰለቸኝ? በየሳምንቱ ሳህን ይዛ በደስታ የምትመጣን ሴት፣ ሸክምሽን መልሰሽ ያዢ ብለው? "ይሉኝታ ያዘኝ" አሉ በመጨረሻ።

"አይ አንተ ሰው!" አሉ አቶ መዝገቡ። ሌላ ባልና ሚስት መጥተው ስለጠሯቸው ሄዱ።

በመሄጃቸው ዋዜማ ባልና ሚስቱ ሊሰናበቱ መጡ። ሚሚ አዲስ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ቤት ውስጥም አላወለቀችውም። ጋሽ ኃይለማርያም ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚጀምሩት ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው፣ ገና ሁለቱ ከበሩ ሲገቡ አፈረጡት።

"ያ ካዚኖ ይከፈታል። ወደብ ላይ ነው ዝግ የሚሆነው። መርከቡ ከወጣ በኋላ ይከፈታል።"

ሚሚ ባርኔጣዋን አወለቀች።

"አውቃለሁ" አለች።

ፋኑኤል ዞሮ አያት። "ታውቂያለሽ?"

"አንተስ አታውቅም?"

"እኔማ መንገደኞች ነግረውኝ… አንቺ ደስ ብሎሽ ስለነበር ነው ዝም ያልኩት።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ሦስት ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሦስቱም ሌላው እንዳይከፋው አፉን ዘግቷል። ጋሽ ኃይለማርያም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አውቀሽ ለምን ገዛሽው?" አሏት።

ሚሚ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ ታሽከረክር ነበር። "ደክሞኝ ነው ጋሼ። አይቀየሙኝ። ባሌ ትቶታል ወይስ እርስዎ ይዘውት ነው? ይህንን አላውቅም። ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ዓይኑን የማየው እኔ አይደለሁም፤ እርስዎ አይተው የላኩልኝን ነው የምቀበለው። እስከ መቼ? እርስዎ በሌሉበት፣ በሩ በተከፈተበት፣ አንድ ጊዜ ማየት ፈለግሁ። ከጠፋም ይጥፋ፤ ልወቀው።"

"እንዲያ ከሆነ ለምን አላወረድሽኝም? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"እንዴት ብዬ? ይኼን ሁሉ ዘመን ለለፉልን ሰው፣ በቃዎት ልበል? ያባረርኩዎት ይመስልዎታል ብዬ።"

ፋኑኤል ጉሮሮውን ጠረገ። መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው። "እኔም ልንገርዎት እንጂ። ያ ነገር ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ እንደ ድሮው አይጠራኝም። ወደዚህ የምመጣው… እርስዎ ብቻዎን ነዎት። ሁለት ብርጭቆ አውጥተው ይጠብቁኛል። ብቀር ቅር ይልዎታል ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ዓይኔ ሊከደን እያለ ነው የምመጣው።"

ጋሽ ኃይለማርያም ብድግ አሉ። ጠረጴዛውን ያዙ።

"ለእኔ ብለህ ነው?" አሉ። ድምፃቸው እንዲያ ሲወጣ ሁለቱም ሰምተው አያውቁም። "ለእኔ? እኔ አንተን ብዬ ልጄን ተውኩ! ስትወልድ አልሄድኩም። ምክንያቱን እንዳልነግራት ያንተ ገመና ነው፤ የማልወዳት መስሏታል። የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ የምኖር ነው የሚመስላት! አንተ ደግሞ እንቅልፍህን እየታገልክ ለእኔ ስትል ትመጣልኛለህ!"

ሚሚ ፊቷን በባርኔጣዋ ሸፈነች። ፋኑኤል እንባው ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ አልጠረገውም። የሚሰደብ ሰው ቢኖር ጋሽ ኃይለማርያም ቁጣቸው በወጣላቸው ነበር። ግን ማንን ይስደቡ? ማንም ክፉ አላደረገም። ሁሉም ደግ ሆኖ ነው እንዲህ የተቃጠለው። ቁማር ቢያንስ ሲበላህ ያንቃጭላል፤ ይሉኝታ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው ዕድሜ የሚበላው። መልሰው ቁጭ አሉ። ንዴቱ ሲወጣ ከሥሩ የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

"እርግጠኛ ነህ?" አሉት፣ ቆይተው።

"አልምልም ጋሼ። ጨርቁ ሲነሳ ምን እንደምሆን አላውቅም።"

ይህ መልስ ከመሐላ ይልቅ ደስ አላቸው። ወደ ሚሚ ዞሩ። ሚሚ ባርኔጣዋን ከፊቷ አንስታ፣ ብድግ ብላ፣ እጅ ነሣች። "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዋስትናው አውርጄዎታለሁ። በደስታ ነው።"

"እሺ" አሉ። ሸክም ሲወርድ ይቀላል ይባላል፤ የሳቸው ትከሻ ግን ባዶነቱ አስደነገጠው። "ያልጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበረኝ" አሉት ፋኑኤልን በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ሌላ ወሬ ሲያጡ። "ዝግ ካዚኖ አይቼ አላውቅም። ምን ይመስል ይሆን።"

በማግስቱ እንደ ወትሮው ሠሩ፤ እንደ ወትሮው ወጡ። ዊንቸስተር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ሻይ ጣዱ። ሁለት ብርጭቆ አወጡ፤ ከዚያ አስታወሱና አንዱን ሊመልሱ ሲሉ ስልኩ ጠራ። ፋኑኤል ነው። ነፋስ ከድምፁ ጋር ይታገላል።

"ጋሼ፣ ወጣን። ከተማው እያነሰ እያነሰ ነው።"

"ሚሚ ደህና ናት?"

"ላይ ሆና ባሕሩን ታያለች። ሂድና ዙር፣ እኔ አልከተልህም አለችኝ።"

"አንተ የት ነህ?"

"ታች ነኝ። በሩ አጠገብ። ሰው ተሰልፏል።"

"ተከፈተ?"

"ገና ነው። ውስጥ አንድ ሽማግሌ…" አለና ቆመ። ያን ጊዜ ጋሽ ኃይለማርያም በስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰሙ። ለመስማት የተፈጠሩለት ይመስል ከሩቅ ለዩት። አንድ ማሽን ተንጫረረ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ማንቃጨል ጀመሩ። "በራ" አለ ፋኑኤል። ስልኩ ተቋረጠ።

መልሰው ደወሉ፤ አይሠራም። ደገሙ፤ የለም። መርከቡ ከመሬት ርቋል። ጋሽ ኃይለማርያም ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ አሉና የት ሊሄዱ እንደሆነ ሲያስቡት በገዛ ራሳቸው አፈሩ። በረሃ መሐል የተቀመጠ ሽማግሌ ባሕር ላይ ማንን ይይዛል? ደግሞስ ዋስ አይደሉም። ዋስ ያልሆነ ሰው አያውቅም፤ አለማወቅን ችሎ መቀመጥ ነው ሥራው። ያን ያህል ዓመት ሲመኙት የኖሩት ዕረፍት እንዲህ የሚያንገበግብ ነገር ይሆናል ብለው አላሰቡም ነበር።

ሻዩ ቀዘቀዘ። የፋኑኤልንም ብርጭቆ ራሳቸው ጠጡለት። ከዚያ ስልኩን አንስተው ረድኤት ጋ ደወሉ፤ "እንደምን ዋልሽ" እንኳ ሳይሏት ከመሰላሉ ጀምረው ነገሯት። ስም አልጠሩም፤ "አንድ ሰው" ብቻ አሉ። ረድኤት እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱም እያለቀሰች እንደሆነ ገባቸው።

"እኔ እኮ ጠላኸኝ ብዬ ነበር አባዬ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አውቀህ ዝም አልክ?"

"አዎን ልጄ። ዝም አልኩ።"

"ትኬት ቡክ ላድርግልህ?"

"አድርጊ" አሉ።

መርከቡ በተመለሰ ማግስት፣ በዚያው በሻይ ሰዓት፣ ፋኑኤል መኪናውን ከመስኮቱ ሥር ፓርክ አድርጎ ወጣ። በሩን አንኳኳ፤ ከዚህ በፊት አንኳኩቶ አያውቅም። ሲገባ ሻንጣው ምንጣፉ ላይ ተከፍቶ፣ ልብሱ በከፊል ታጥፎ አየ። ጋሽ ኃይለማርያም ሻይ ይቀዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ዓይኔን አያዩትም?"

"ዓይንህ የሚሚ ነው። እሷ ትየው።"

"አይታዋለች" አለ ፋኑኤል፤ ተቀመጠ። "ገባሁ ጋሼ።"

የሻዩ በራድ በእጃቸው እንዳለ ቆመ። አልጠየቁትም።

"አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነበር፤ ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ የሚያነሳ። ሊያጥፈው ይሞክራል፣ ጨርቁ ሰፊ ነው፣ ወገቡን ይዞ ይታገላል። ሰዉ እየገፋው ወንበር ይሻማል። ብቻውን ሲሆን አላስቻለኝም፤ አንዱን ጫፍ ያዝኩለት። ቀጥሎ ሌላው ጠረጴዛ አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁሉንም ገለጥናቸው። ስንጨርስ ሰውዬው ወንበር ስቦ፣ አሁን ቁጭ በልና ተጫወት አለኝ፤ ውለታ መመለሱ ነው። ደክሞኛል አልኩት። እውነቴን ነበር ጋሼ። አልታገልኩም፣ አልጸለይኩም፤ ዝም ብሎ ደክሞኝ ነበር። ወጥቼ ሚሚ አጠገብ ተቀመጥኩ።"

ጋሽ ኃይለማርያም ሻዩን ቀድተው ጨረሱ። አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። ዓይኑን ሳያዩ አመኑት፤ ይህ ራሳቸውን ገረማቸው።

"ስንመለስ ደግሞ" አለ ፋኑኤል፣ "መሬቱ ሲታይ ሊዘጉት ነው ሲሉ ሰማሁና ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። እርስዎን አስቤ ነው። አየሁልዎ። ማሽኖቹ አንድ ባንድ ጠፉ። ጨርቁን አለበሱት። ሰዉ ሁሉ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከዚያ ምንም የለም ጋሼ፤ ጭር አለ። ሞተሩ ብቻ ከሥር ይሰማል።"

ጋሽ ኃይለማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለረጅም ጊዜ አልገለጡትም። ሻዩን ጠጡ።

"ነገ አልመጣም?" አለ ፋኑኤል፣ ሊሄድ ሲነሣ።

"ነገ የለሁም። ልጄ ጋ ነኝ።"

ፋኑኤል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ የታመመውን ጉልበት። "ብደውልስ?"

"ደውል። ከፈለግህ ግን፤ ለእኔ ብለህ አይደለም።"

"እሺ ጋሼ።"

ሁለቱን ብርጭቆዎች አጥቦ ደፋቸውና ወጣ። የመኪናው ድምፅ ከመስኮቱ ሥር እስኪርቅ ጋሽ ኃይለማርያም ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ቆለፉት። በዚያ ሰዓት በራቸውን ቆልፈው አያውቁም ነበር።